ሴት የለም የተባለበት ጎጥ

ባንቻየሁን የማውቃት ክርስትና ከተነሣችበት ቀን ጀምሮ ነው። እሷና የጎረቤቷ የደብሪቱ ልጅ እስከዳር በአንድ ሳምንት ተወልደው በአንድ ቀን ተጠመቁ። ቄሱ መጀመሪያ የተቀበሉት እስከዳርን ነበርና ባንቻየሁ ተራዋን ስትጠብቅ ቤተ ክርስቲያኑን በለቅሶ አናወጠችው። እናቷ በለጠች እስከ ዛሬ ድረስ «ልጄ መቀደም የጀመረችው ያን ጊዜ ነው» እያለች ሰው ታስቃለች። እናት ለሳቅ ያለችውን ልጅ ቁም ነገር ብላ እንደምትይዘው ግን ማናችንም ልብ አላልንም።

ጎጣችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ከአስፋልቱ በስተቀኝ፣ አፋፉ ጫፍ ላይ ናት። ገብስ እንዘራለን፤ ነጭ ሽንኩርት እናወጣለን፤ በግ እናረባለን። ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ነድፈው፣ ፈትለው፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ይሸጣሉ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ዳባት ሳስተምር ኖሬ፣ ለእርጅናዬ ወደ አባቴ ቦታ ተመለስኩ። ሁለቱንም ልጆች ፊደል ከቆጠሩ በኋላ አስተምሬአቸዋለሁ።

ባንቻየሁ ስምንተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ሞተባት። ደብተሯን ሰቀለችና እንዝርት አነሣች። እስከዳርም አባት አልነበራትም፤ ነገር ግን ደብሪቱ ነጭ ሽንኩርት በጀርባዋ እየተሸከመች ገበያ ለገበያ ዞራ አስተማረቻት። ስለዚህ ጧት ጧት እስከዳር የደንብ ልብሷን ለብሳ በባንቻየሁ ደጅ ታልፋለች፤ ባንቻየሁ ደፉ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች።

«ደህና አደርሽ ባንቺ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ይኸው ነው። ጎረቤት የነበሩት ፈታዮች ግን «የባንቻየሁ ክር ጧት ጧት ነው የሚበጠሰው፤ ከቀትር በኋላ እንደ ጅማት ይጠነክራል» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እስከዳር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳታልፍ ስትቀር ባንቻየሁ ወሬውን እንደሰማች እንዝርቷን ጥላ ሄደች፤ ጓደኛዋን አቅፋ አለቀሰችላት። እንባው እውነተኛ ነበር፤ አይቻለሁ። የዚያን ዕለት ከሰዓት የፈተለችው ፈትል ግን ገበያ ላይ «ሐር ነው ወይስ ጠጉር?» ያሰኘ ነበር አሉ። እሱም እውነት ነው።

ስለ ቅናት ብዙ አስቤአለሁ። ዩኒቨርሲቲ በነበርኩበት ዘመን ፍልስፍና ያስተማሩን ሰዎች ስለ ፍትሕ፣ ስለ ነጻነት፣ ስለ መደብ ብዙ ነግረውናል፤ ስለ ቅናት ግን አንድ ቀን እንኳ ያነሣ አልነበረም። ለትምህርት የማይበቃ የሴቶች ጉዳይ ይመስላቸው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን መንደር ውስጥ ሆኜ ሳየው፣ ሰውን ከሰው ጋር አስሮ የሚያቆመው ከፍቅር ቀጥሎ እሱ ነው እላለሁ። ቅናት ሩቅ አገር አይሄድም። የባለሥልጣን ልጅ መኪና መንዳቷ ማንንም አያሳምምም፤ እንቅልፍ የሚነሣው የጎረቤት ልጅ አዲስ ጫማ ነው። የምንቀናው እኛም ልንሆነው ይቻለን በነበረው ሰው ነው። ባንቻየሁ በእስከዳር ውስጥ የምታየው እስከዳርን አልነበረም፤ አባቷ ባይሞት ኖሮ ትሆን የነበረችውን ራሷን ነበር። ያቺ ሌላዋ ባንቻየሁ በየጧቱ ደብተር ይዛ በፊቷ ታልፍባታለች።

ምስክር ደግሞ አለ። ምስክር የቀበሌያችን ሊቀመንበር የገሠሠ ልጅ ነው። በአቅራቢያችን ወዳለው ፓርክ እንግዳ በሚጎርፍበት ጊዜ ለፈረንጆቹ በቅሎ ይነዳ ነበር፤ በጸጥታው ምክንያት እንግዳው ሲጠፋ በቅሎዎቹን ሸጦ ባጃጅ ገዛ። ባንቻየሁ በገበያ ቀን ፈትሏን የምትጭነው በሱ ነው። ሒሳብ አይቀበላትም። መንገዱን ሙሉ ያወራታል። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ማጅራቱን እያየች ትሰማለች። ወሬው ከየትም ይነሣ ከየት መጨረሻው ግን አንድ ነበር፦ «እስከዳር ዛሬ ገበያ አትወጣም?»

«ሥራ አላት» ትላለች ባንቻየሁ። ሥራ ኖራትም አልኖራትም።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾም እንደገባ አዲስ ነገር ከላይ ወረደ። እኛ ዘንድ የመንግሥት ነገር እንደ በረዶ ነው፤ ይወርዳል፤ ከየትኛው ደመና እንደወረደ የሚጠይቅ የለም። ገሠሠ ሰበሰበን። አገር ትጣራለች አለ። ከእንግዲህ መከላከያ የወንድ ብቻ አይደለም፤ ሴቶችም እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ከየጎጡ ቢያንስ አንዲት ያላገባች ሴት በፈቃደኝነት ለሥልጠና ትወጣለች አለ።

አንዲት አሮጊት ከኋላ «ፈቃደኛ ባይገኝስ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይገኛል።»

«ባይገኝስ?»

«እማማ፣ ይገኛል አልኩ እኮ!»

ማንም ማንንም አልመታም። ፈቃደኛ ባልተገኘበት ጎጥ ማዳበሪያው ይዘገያል። መታወቂያ ሊያሳድስ የሄደ ሰው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል፤ ነገም ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚሠራው መንግሥት አይደለም፤ ጎረቤት ነው። የእኔ ገብስ ማዳበሪያ ያጣው በእሷ ልጅ ምክንያት ነው ማለት ይጀመራል። የማን ልጅ ቀረች፣ ለምን ቀረች፣ ማንን ይዛ ቀረች። ኃይለኛ አገዛዝ ብልህ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ዘበኛ መቅጠር አይችልም፣ ግን ለእያንዳንዱ ቤት ቀናተኛ ጎረቤት አስቀድሞ ተቀጥሮለታል።

በጎጣችን ዕድሜያቸው ደርሶ ያላገቡት ሁለት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ወይ ተድረዋል፣ ወይ ጎንደር ገብተዋል፣ ወይ ዓረብ አገር ናቸው። ከባንቻየሁና ከእስከዳር አንዷ ትሄዳለች። ደብሪቱና በለጠች ምንጭ ሲወርዱ እንኳ ሰዓት መለያየት ጀመሩ።

አንድ ቀን ምስክር እኔ ዘንድ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«መምህር፣ ሽምግልና ይወጡልኝ።»

«ለማን?»

«ለእስከዳር ነዋ!» ብሎ ሳቀ፤ አገር የማያውቀው ነገር ይመስል መጠየቄ አስገርሞት።

«በጾም?»

«ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ለጊዜው ቃሏ ይታሰር፤ ቀለበት ትሰር። አባቴ ተቆጥተው ተቆጥተው በመጨረሻ እሺ አሉ። የታጨችን ልጅ አንነካም ብለዋል። ደብረ ዘይት እሁድ ከሰዓት ብናደርገውስ?»

እሺ አልኩት። እሱም ደስታው አላስችል ብሎት ገበያ ሲሄድ ለባንቻየሁ ነገራት። ኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ባጃጁን መንገድ ዳር አቁሞ ዞሮ እያያት ነበር የነገራት። «ባንቺ፣ አንቺ እኮ እህቴ ነሽ። ለአንቺ ያልነገርኩ ለማን ልነግር?» አላት። እሷ ፈትሉን ጭኗ ላይ እንደታቀፈች እንኳን ደስ አለህ አለችው። ከዚያ ዳባት ሳይደርሱ አውርደኝ ብላ ወረደች፤ የቀረውን በእግሯ ሄደች።

የዚያን መንገድ ሐሳቧን ደጋግሜ ጠይቄአታለሁ፤ ደጋግማ የመለሰችልኝም አንድ ነው። እስከዳር ከታጨች ወደ ሥልጠና የምትሄደው ራሷ መሆኗን አውቃለች። ከዚያ ማምለጫ አልፈለገችም፤ አልታያትምም። የታያት የእስከዳር ሠርግ ነበር። እኔ ጭቃ ውስጥ እየተንደባለልኩ ተኩስ ስማር እሷ ጫጉላ ቤት ትገባለች አለች በልቧ። ሰሎሞን ፊት ከቆሙት ሁለት ሴቶች አንዷ «ለእኔም ለእሷም አይሁን፤ ይከፈል» ብላ ነበር። ልጅ ሆነን ታሪኩን ስንሰማ ያቺን ሴት እንደ አውሬ ነበር የምናያት። የራሷ ልጅ ሞቶባት ደጅ ላይ ተቀምጣ፣ ጎረቤቷ ልጇን ስታጠባ ታይ እንደነበር የነገረን የለም።

ባንቻየሁ በማግስቱ ደብሪቱ ቤት ሄደች። ደብሪቱ ነጭ ሽንኩርት ትጎነጉን ነበር።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እርስዎ ቀለበት ያምናሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የታጨችን አንነካም ያሉት አቶ ገሠሠ ናቸው። ከላይ ያሉትስ ብለዋል? ቀለበት እኮ ይወልቃል። አላገባችም ብለው ቢወስዷትስ?»

ደብሪቱ እጇ ቆመ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ፋሲካን ጎትቼ አላመጣው!»

«የአቶ ገሠሠ ልጅ ያድርጓታ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«የጡት ልጅ። የገዛ ልጃቸውን አሳልፈው ይሰጣሉ?»

በእኛ አገር ደካማ ከብርቱ ሲጠጋ የጡት ልጅ ይሆናል። ብርቱው አውራ ጣቱን ማር ይነክራል፤ ሌላው ይጠባል፤ ሽማግሌ ያያል፤ በቃ፣ ተወለደ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ከአብራክ ልጅ አይለይም፤ የአባትዬው ልጆች ወንድም እህቶቹ ናቸው፤ እንደ ወንድምና እህትም አይጋቡም። ማር ይዞ በአደባባይ የተንበረከከን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ሽፍታ እንኳ አይመልስም ይባላል። ነገሩ እየቀረ የሄደ ነው፤ ወጣቶቹ ከአያቶቻቸው የሰሙት ካልሆነ አያውቁትም። ባንቻየሁ ግን ከአሮጊቶች ጋር ስትፈትል ያደገች ናት።

ደብሪቱ ቆይታ «ምስክርስ?» አለች ቀስ ብላ። «ወንድሟ ሊሆን?»

«ባል ይጠፋል፣ እትዬ? ልጅ ናት እንጂ የማትገኘው።»

ደብሪቱ የሽንኩርቱን ጉንጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ኋላ ተነሥታ የባንቻየሁን ግንባር ሳመች። «አንቺ የተባረክሽ!» አለቻት። «የራስሽ እሳት እያንገበገበሽ የልጄን ታስቢያለሽ!»

ደብረ ዘይት እሁድ ቅዳሴ ወጥተን ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ለከሰዓቱ ሽምግልና ነጭ ጋቢ ለብሻለሁ። ምስክር ከጥዱ ሥር ከጎኔ ቆሟል። ገሠሠ ከዘራውን ይዞ ሲወጣ ደብሪቱ ከሴቶቹ መካከል ፈትለክ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። በአንድ እጇ ትንሽ ቅል ይዛለች። እስከዳር ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከኋላዋ ተንበረከከች።

«አቶ ገሠሠ! በጊዮርጊስ! ልጅ ይቀበሉኝ!»

«ተነሽ እባክሽ፣ ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ማር ይዣለሁ! ጣትዎን ይስጧት!»

ሰው ሁሉ ከበበ። ገሠሠ ፊቱ አመድ መሰለ። ዓይኑ ልጁን ሲፈልግ አየሁ፤ ከሰዓት ምራቱ ልትሆን የነበረችው አሁን ልጁ ልትሆን ነው። ጥዱ ሥር አገኘውና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ማር ተይዞ ነው እኮ ገሠሠ፤ ይኼ አይመለስም» አሉ። ከኋላ ደግሞ አንዱ ቀልደኛ «ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ ሲል ሰዓት አይፈጅበትም! ዛሬ አንድ ጣት ማውጣት እንዲህ ከበደው?» አለና ሰው ሳቀ። ያቺ ሳቅ ናት የጨረሰችው። ሊቀመንበር ልመናን ይችላል፤ መሳቂያ መሆንን አይችልም።

ገሠሠ አውራ ጣቱን ቅሉ ውስጥ ነከረ። እስከዳር ነጠላዋን ገለጠች። እንባዋ ከማሩ ጋር እየተደባለቀ ጠባች። ሴቶቹ እልል አሉ። «ገሠሠ፣ እንኳን ማርያም ማረችህ!» አለው ያ ቀልደኛ፣ እንደ አራስ። ደብሪቱ መሬቱን ትስማለች።

ምስክር ከጎኔ አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ ወደኔ ሳይዞር «መምህር፣ እንግዲህ ለከሰዓት አይድከሙ» አለኝ።

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የገሠሠን ጣት ያላየች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ባንቻየሁ የምታየው ምስክርን ነበር።

በለጠች ነገሩ የገባት ሌሎቹ እልል ብለው ሲጨርሱ ነው። እስከዳር ከወጣች የቀረችው የሷ ልጅ ናት። ምክሩ የልጇ መሆኑን አላወቀችም፤ የደብሪቱ ተንኮል መስሏት ገሠሠ ቤት ድረስ ሄዳ ደጁ ላይ ጮኸች።

«ለኔስ ልጅ ጣት የለህም?»

«በለጠች፣ ላም አደረግሽኝ እንዴ? ስንት ጥጃ ላጥባ?»

«አንዷን ያጠባህ ሌላዋን መንከስህ ነው?»

«ከጎጡ አንዲት ሴት መውጣት አለባት። ሁለቱንም ልጆቼ ባደርግ እኔኑ ነው መሣሪያ የሚያሸክሙኝ። ግቢ ወደ ቤትሽ፣ እኔም ከላይ ያለብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ባንቻየሁ ይህን ሁሉ የሰማች አትመስልም ነበር። በነዚያ ቀናት ምርጡን የጠቦት ጠጉር መርጣ፣ ፈትላ፣ በኪሮሽ ቆብ ሠራች። ምንም እንኳ ሌላ ነገር ብትለኝም፣ ትንሽ ተስፋ ሳይኖራት አልቀረም። አንዷ እህቱ ከሆነች ሌላዋ ትታየው ይሆናል። ባጃጁ ድረስ ይዛለት ሄደች። ምስክር ቆቡን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ማን የላከው ነው?»

«ማንም። እኔ ነኝ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከዳር ናት አይደል? ንገሪኝ ባንቺ፣ ለአባቴ ትንፍሽ አልልም።»

ባንቻየሁ አየችው። «እሷ ብትሆንስ?» አለችው። «እህት ለወንድሟ ቆብ ብትልክ ምን ይደንቃል?»

ልታቆስለው ነበር የተናገረችው። እሱ ግን የሰማው አዎን የሚለውን ብቻ ነው። ቆቡን አጠለቀው፤ የቀረውን ጾም ሙሉ በቀትር ፀሐይ እንኳ ሳያወልቀው ከረመ። ባንቻየሁ በእጇ የሠራችው ነገር የእስከዳር ፍቅር ሆኖ ራሱ ላይ ተቀምጦ በየቀኑ በደጇ ያልፋል።

ሆሳዕና ሲቃረብ ፈቃደኞቹ የሚለዩበት ስብሰባ ተጠራ። ከላይ አንድ እንግዳ መጥቷል፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ትሑት የሚመስል ወጣት ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ገሠሠ ጎጥ ይጠራል፤ አንዲት ልጅ ትነሣለች፤ ይጨበጨባል፤ የሆነ ቦታ አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ትጎሰጉሳለች። ከዚያ ሌላ ጎጥ።

እስከዳር ከእናቷ ጎን ተነሥታ መጣችና ባንቻየሁ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ከፊታቸው ነበርኩ፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም።

«ባንቺ፣ አይዞሽ። አባቴን ለምኜልሻለሁ» አለቻት። «አባቴ» ስትል ምላሷ ገና አልለመደውም። «ዛሬ ጧት ጉልበቱ ላይ ወደቅሁ። የጡት ልጅ የመጀመሪያ ልመና አይመለስም አልኩት። የእኛን ጎጥ ሴት የለም ብሎ ያልፈዋል።»

ባንቻየሁ ዓይኗን ከገሠሠ ወረቀት ላይ አልነቀለችም።

«አንቺም አድነሽኝ የለ? እናቴ ሁሉንም ነግራኛለች። ምክሩ ያንቺ ነው አለችኝ። የወደድኩትን ባጣም እቤቴ አለሁ፤ አንቺም እቤትሽ ትኖሪያለሽ። ዝም ብቻ በይ። እኔ ጨርሼልሻለሁ።»

የእኛ ተራ ደረሰ። ገሠሠ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወረቀቱን ሳያይ ተናገረ። «እዚህ ጎጥ ላይ… ዕድሜዋ የደረሰ፣ ያላገባች ሴት የለችም። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

ሁሉም ያውቃል። ልጆቻቸው የተነሡባቸው እናቶች አንገታቸውን ወደኛ አዞሩ። አንዲት ሴት «የለችም?» አለች ለራሷ ያህል። እንግዳው ግን ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩ ሊያልፍ ነው። በለጠች ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ባንቻየሁ ተነሣች።

«አለሁ።»

ገሠሠ ደነገጠ። «ተቀመጪ አንቺ!»

«ሴት የለችም ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ እኔ ማን ነኝ?»

በለጠች የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ጎተተች። እስከዳር በሌላ በኩል ክንዷን ይዛለች። ባንቻየሁ የእናቷን እጅ ተወችውና የእስከዳርን ብቻ አራገፈች። እንግዳው መነጽሩን አወለቀ፤ ፊቱ በራ።

«ስምሽ ማን ነው እህቴ?»

«ባንቻየሁ።»

«ማን አስገደደሽ?»

«ማንም።»

«ሰማችሁ?» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «በፈቃደኝነት ማለት ይኼ ነው! አጨብጭቡላት!»

ተጨበጨበ። በስልክ ፎቶ አነሷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ይከነክነኛል። ያን ቀን ከተነሡት ሁሉ «ማንም አላስገደደኝም» ብላ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹን ማዳበሪያው፣ መታወቂያው፣ ጎረቤቱ አስነሥቷቸዋል። እሷ ግን በሩ ተከፍቶላት ነበር። ነጻ ፈቃድ የሚባለው ነገር ለካ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ አይደለም። ሰው ከሚጠላው ሰው እጅ ምሕረት ከመቀበል ጥፋቱን በራሱ እጅ ቢመርጥ፣ ያም መምረጥ ነው። አገዛዝ ደግሞ የልብን ውስጥ አይመረምርም፤ የቆመን ሰው ይቆጥራል።

ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣችልኝና እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ነገረችኝ። አልተጸጸተችም። እንደ ሒሳብ ነው የነገረችኝ።

«ለምን ዝም አላልሽም ልጄ?» አልኳት።

«ዝም ብል ኖሮ ዕድሜ ልኬን በእሷ ሰጪነት ነበር የምኖረው፣ መምህር። ጧት ጧት ደህና አደርሽ ስትለኝ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቴ ሊቀር ነው። እስከዳር ትመስገን ልል ነው?»

«ትወድሻለች እኮ።»

«እሱ ነዋ ክፋቱ። ብትጠላኝ ኖሮ እቀመጥ ነበር።»

«እናትሽስ?»

ጉልበቷ ላይ የተንጠለጠለ የጠጉር ብናኝ ስትለቅም ቆየችና ተነሥታ ሄደች።

የሄዱበት ጧት አይሱዙው አስፋልቱ ላይ ቆሞ ልጃገረዶቹን ይጭናል። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ምስክር ሻንጣዎቹን በባጃጁ አምጥቶ መኪናው ላይ እያቀበለ ነው። በለጠች አታለቅስም፤ የልጇን አንገት ልብስ ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች፣ ትፈታለች። እስከዳር በሶ በከረጢት ይዛ መጣች።

«እኔ ነኝ የፈጨሁት።»

«አልፈልግም» አለች ባንቻየሁ። በለጠች ግን ተቀበለችና ሻንጣው ውስጥ ከተተችው፤ እናት በስንቅ አትኮራም።

«ባንቺ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች እስከዳር። «ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ።»

ባንቻየሁ ሻንጣ ወደሚያቀብለው ምስክር ተመለከተች። «አንድ ነገር አድርጊልኝ።»

«ምንም ይሁን።»

«ምስክርን ጥሪው።»

«ለምን?»

«ጥሪው ብቻ። አሁን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪው?»

እስከዳር መሬት መሬት አየች። «ወንድም ዓለም።»

«በይዋ።»

መጀመሪያ አልወጣላትም። ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ ወጣት። «ወንድም ዓለም!»

ምስክር ሻንጣውን በእጁ እንደያዘ ዞረ። እኔ ከመኪናው ኋላ ነበርኩና ፊቱን በደንብ አየሁት። እንደዚያ ሆኖ ለእህቱ የሚዞር ወንድም በዚህ ዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ማሩ ስሙን ለውጦታል እንጂ ሰውየውን አልነካውም። ገበያ ለገበያ ከኋላው ተቀምጣ ማጅራቱን ስታይ የኖረችው ልጅ፣ ይዞርልኛል ብላ ስትጠብቀው የኖረችውን ፊት ያን ጊዜ አየችው፤ ለሌላ ዞሮ። እስከዳር ቀና አላለችም፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

«እሺ» አለች ባንቻየሁ።

እናቷን ሳመችና መኪናው ላይ ወጣች። ከልጃገረዶቹ መካከል ገብታ የኋላውን ብረት ይዛ ቆመች። መኪናው ሲነሣ በለጠች ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ በአስፋልቱ ላይ እየሮጠች ስሟን ትጣራ ነበር። ባንቻየሁ ወደሷ አላየችም። መታጠፊያው እስኪሸፍናት ድረስ ዓይኗ ባጃጁ ዘንድ ነበር፤ ምስክርና እስከዳር ምን ያህል ተራርቀው እንደቆሙ ታያለች።